እሜቴ ሥራ ላይ ናት

ሽማግሌው የመዋለ ሕጻናቱን በር ገፋ አድርገው እንደገቡ፣ "የልጅ ልጄን ጉዳይ ልጨርስ ነው የመጣሁት" አሉ። መምህርቷም "እንኳን ደህና መጡ፣ ስንጠብቅዎ ነበር" አለቻቸውና ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ በትሕትና ጠይቃ፣ ግድግዳ ሥር ወደተቀመጠች አንዲት ትንሽ ወንበር መራቻቸው።

"ስንጠብቅዎ ነበር" መባሉ ትንሽ ገርሟቸዋል። ጉዳያቸውን ለመዋለ ሕጻናቱ አልተናገሩም። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲጠብቃቸው የኖሩ ናቸውና ብዙ አልተጨነቁበትም። ወንበሯን የባለጉዳይ መጠበቂያ አድርገው ወሰዷትና ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ እስክትመጣላቸው ተቀመጡ። ያ ዓርብ ደግሞ ቤተሰብ በየተራ እየመጣ፣ ልጁ ሲሠራ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ቀን ነበር። እሳቸው ልጅቷን ከዚህ ሊያስወጡ፣ መምህርቷ ልጅቷን ልታሳያቸው፣ ሁለቱም ጉዳዩ የተጀመረ መስሏቸው ተለያዩ።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ጸጥታ በሚል ስም ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን፣ ባለ ብረት በሩን ትልቅ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሩት እሳቸው ናቸው። ዱላ አይዙም፣ አይሳደቡም። በር ላይ ቆመው አንዲት ቃል ይጥላሉ፦ "ጸጥታ።" ያኔ ዝንብ እንኳ ክንፏን ትሰበስባለች ይባል ነበር። ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ስም ተማሪዎቹ አድገው ወላጅ ሲሆኑ አብሯቸው አደገ። ዛሬ ዳቦ ቤት ሲገቡ ሻጯ ወደ ጓዳ ዞራ "ለጋሽ ጸጥታ ትኩሱን" ትላለች። የገዛ ልጃቸውም ስትናደድባቸው በዚሁ ትጠራቸዋለች።

ወንበሯ ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራች ናት። ሲቀመጡባት ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ሊሳሳም ትንሽ ቀረው። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ቢገባቸው ጉልበታቸውን አቀፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ትሠራና ቀን ትተኛለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። ስለዚህ አራት ዓመት ተኩል የሆናትን ሕጻን ጠዋት ጠዋት እዚህ መዋለ ሕጻናት በር ላይ የሚያደርሷትም፣ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን የሚያሳድጓትም አያቷ ናቸው፤ ያሳድጓታል ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ትቆማለች፣ እሳቸው እጅጌውን ያጠልቃሉ። እግሯን ታነሳለች፣ ካልሲውን ይስባሉ። አፏን ትከፍታለች፣ ማንኪያው ይደርሳል። ካልሲው ውስጥ አንዲት መጨማደድ ከተገኘች ጎረቤት እስኪሰማ ታለቅሳለች፤ እሳቸውም አውልቀው እንደገና ያለብሷታል። "እሜቴ" ያሏት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። አሁን ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውሰው የክትባት ካርዷ ብቻ ነው።

የሚያብሰለስላቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከላይኛው ፎቅ ያለችው የጎረቤት ልጅ፣ በዕድሜ ከእሜቴ የምታንስ፣ ፊደልን ከዳር እስከ ዳር እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። እናቷ ደረጃ ላይ ስታገኛቸው "እስቲ ለጋሼ በይላቸው" ትላታለች፤ ልጅቷም ሳትተነፍስ ትላለች። በነጋታው ከምሳ በኋላ ጋሽ ጸጥታ እሜቴን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡና ሀን በትልቁ ጽፈው "ይህ ምንድን ነው?" አሏት።

አየችው፣ አየችውና "ኩባያ" አለች።

ለን ጻፉላት። "የተደፋ ኩባያ።"

ሐን ጻፉላት። "ሹካ።"

መን ሲጽፉላት አልቆየችም። "መነጽር። ያንተን ይመስላል።"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ልጃቸው ብትሰማ ትስቅ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ያን ሌሊት ሲገላበጡ አደሩ። "ዘገምተኛ" የምትባል ቃል አለች። በማስተማር ሕይወታቸው በስንቱ ልጅ ላይ ስትለጠፍ አይተዋታል፤ አንዴ ከተለጠፈች በኋላ ስትነሳ ግን አላዩም። ለማንም ሳይተነፍሱ ቃሏን ይዘው ዞሩ። ልጅቷ ገና ሳትለጠፍ መድረስ አለባቸው፤ ያሰቡት ይሄን ብቻ ነበር።

የቀድሞ ምክትላቸው አሁን የትልቁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። "ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል አንድ ቦታ ይዣለሁ" አላቸው። "ግን ወረፋውን ያውቁታል። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ልጅቷን በእጅዎ ይዘው ካልመጡ ለሚቀጥለው መስጠቴ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ያወጡት ደንብ ነው።" እዚያ ሕጻናቱ በመስመር ተቀምጠው ፊደሉን በአንድ ድምፅ ይላሉ። መንገድ ላይ ሆኖ ይሰማል። ለልጃቸው ሲነግሯት፣ ከሌሊት ሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ "አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ልጅ ስታስተምር ኖረሃል፣ ያልከው ይሁን" ብላ ገብታ ተኛች።

ስለዚህ ያን ጠዋት፣ ቀትር ሳይደርስ ገና ሰፊ ጊዜ ይዘው፣ እዚህች ወንበር ላይ ተገኙ።

ክፍሉ ቀድሞ ሶፋ መሸጫ ነበር። ትልልቅ መስኮቶች አሉት፤ ወለሉ ጣውላ ነው። መደርደሪያዎቹ ሁሉ ከሰው ጉልበት አያልፉም፤ የእጅ መታጠቢያውም እንዲሁ። ጋሽ ጸጥታ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ሰሌዳውን ፈለጉ። የለም። የመምህሯን ጠረጴዛ ፈለጉ። እሱም የለም። ከዚያ ልጆቹ ወዴት እንደዞሩ አይተው የክፍሉን ፊት ለመገመት ሞከሩ። አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዷ ወደ ገዛ እግሯ ዞራለች። ክፍሉ ፊት የለውም። ፊት በሌለው ክፍል ያጠፋ ልጅ ወዴት ዞሮ እንደሚቆም አሰቡ።

እያንዳንዱ ልጅ ወለሉ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ዘርግቶ የየራሱን ነገር ይሠራል። አንዲት ልጅ ከጆግ ወደ ጆግ ውሃ ትገለብጣለች። ሲያልቅ መልሳ ትገለብጠዋለች። ውሃው የትም አልደረሰም፤ ልጅቷ ግን የፈሰሰችውን ጠብታ በስፖንጅ እያሳደደች ሥራ የበዛባት ትመስላለች። አንዱ ሙዝ በቢላ ይቆርጣል፤ ቢላው እውነተኛ ቢላ ነው። አንዱ ደግሞ የግንድ ጉማጅ ላይ ምስማር ይመታል። ግማሽ ፊቱን የሚሸፍን መከላከያ መነጽር አድርጓል፤ ጓደኞቹ ኢንጂነር ይሉታል።

መምህርቷስ? መምህርቷ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላት እንደሆነ ጋሽ ጸጥታ በልባቸው ጠየቁ።

ትንሽ ቆይቶ ኢንጂነሩ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ፊታቸው ቆመ። ወንበሯ ዝቅ ስላለች ዓይን ለዓይን ተገናኙ።

"አባባ፣ ማንን ልታይ መጣህ?"

"እሜቴን። የት ናት?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"ጥራልኝ።"

"ሥራ ላይ ናት አልኩህ እኮ" አለ ኢንጂነሩ፣ ሰውዬው ጆሯቸው የከበደ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ያቻትልህ፣ ጫማ ስትጠርግ።"

ወደ ጠቆማቸው አዩ። እሜቴ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ፣ በምንጣፉ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ከፊቷ ትሪ አስቀምጣ ተንበርክካለች። ትሪው ላይ ብሩሽ፣ ጨርቅና የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አለ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚቀመጥ አሮጌ የመምህርቷ ጫማ መደርደሪያው ላይ ነበር። እሜቴ ግን በር ላይ ከተደረደሩት ሁሉ አቧራ የበዛበትን መርጣ ወስዳለች። ይዛው በአጠገባቸው ስታልፍ አላዩአትም፤ ሰሌዳ ሲፈልጉ ነበር።

ጫማው የእሳቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ አዋጥተው የገዙላቸው፣ ደህና ቆዳ የሆነ፣ ቡኒ ጫማ። ማሰሪያዎቹ ተፈትተው ወጥተው ጋዜጣው ዳር ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

ጋሽ ጸጥታ ከወንበሯ ለመነሳት ሞከሩ። ከእንዲህ ያለ ወንበር መነሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ገና ግማሽ ላይ ሳሉ መምህርቷ ደረሰችና አጠገባቸው በርከክ አለች።

"አባባ፣ ምንጣፍ ዘርግተው ሲሠሩ አናቋርጣቸውም" አለች ቀስ ብላ። "ደንባችን ነው።"

"ጫማዬ ነው እኮ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

"ቡኒ ነው።"

መምህርቷ ዞራ አየች። "አዎ፣ ቡኒ ነው" አለች።

"ቀለሙ ጥቁር ነው።"

ቆርቆሮውን አየች። "አዎ" አለች። "ሌላ የለንም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ተነስቶ ጫማውን ይቀማ ነበር። ጋሽ ጸጥታ ግን መልሰው ቁጭ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። ዳይሬክተር ሳሉ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አጃቢ አስከትሎ መጥቶ ክፍል ልግባ አለ። ልጆቹ ሒሳብ እየሠሩ ነበር። "በሥራ ላይ ያለ ተማሪ አይቋረጥም" ብለው ሰውዬውን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ አቆሙት። ነገሩ ከሥራ ሊያሳግዳቸው ነበር፤ አላሳገዳቸውም። ዓረፍተ ነገሩን ራሳቸው በቀለም በግቢው ግንብ ላይ ጻፉት፤ ዛሬም አለ። አሁን አንዲት ልጃቸው የምትሆን መምህርት ግንባቸውን መልሳ አነበበችላቸው፤ እሷ ይህንን አታውቅም።

እናም ተቀምጠው አዩ።

እሜቴ በመጀመሪያ አቧራውን አራገፈች። ከላይ፣ ከጎን፣ ከተረከዙ በኩል፣ ጫማውን አዟዙራ አንድም ቦታ አልዘለለችም። ከዚያ ጨርቁን ጣቷ ላይ ጠመጠመችና ቀለሙን ነካ አድርጋ ከአፍንጫው ጀመረች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጥቷል። ጫማው በዝግታ፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥቁር ለበሰ። ጋሽ ጸጥታ ጥርሳቸውን ነክሰው አንዱ ጫማ ሲጠቁር እስከ መጨረሻው አዩ። ሲያልቅ ልጅቷ አስቀመጠችውና ወደኋላ ዘንበል ብላ አየችው። የበቃት መሰለች።

ያኔ ነው የደነገጡት። አሁን የቀራቸው ተስፋ ሁለተኛውንም እንድታጠቁረው ብቻ ነበር። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። እሜቴ ሁለተኛውን አነሳች። ጋሽ ጸጥታ ተነፈሱ፤ ቀጥሎም በተነፈሱበት ነገር ራሳቸውን ታዘቡት።

በዚህ መሃል አንድ ብርጭቆ ወደቀ። ኢንጂነሩ ሳይሆን ሌላ ባለ መነጽር ልጅ ነበር፣ ውሃ ሊጠጣ ሲል አመለጠው፤ ብርጭቆውም እንደ ቢላው እውነተኛ ነበርና ተሰበረ።

"ጸጥታ!"

ቃሏ ከአፋቸው እንዴት እንደወጣች እሳቸውም አላወቁም። ክፍሉ ውስጥ የጮኸ ሰው አልነበረም። ከሳቸው በቀር። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩአቸው። መምህርቷም አየቻቸው። ከዚያ ልጆቹ ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ ባለ መነጽሩ መጥረጊያና አካፋ ይዞ መጣ፣ መምህርቷ ትልልቁን ስብርባሪ በእጇ አነሳች፣ እሱ ቀሪውን ጠረገ። አልተቆጣችውም፣ አልመከረችውም። ሲጨርስ በጋሽ ጸጥታ አጠገብ አለፈና ቆም አለ።

"አባባ፣ ደነገጥክ?"

"ትንሽ።"

"ብርጭቆ ሲሰበር እንዲህ ነው" አለ ልጁ። "ብቻ በካልሲ እንዳትነሳ።"

"እሺ" አሉ ጋሽ ጸጥታ።

ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ተንቀጠቀጠ። ሰርቀው አዩት፤ የቀድሞ ምክትላቸው ነው። በእሳቸው ዘመን ክፍል ውስጥ ስልክ ያነሳ መምህር ሲወጣ ቢሯቸው ይጠብቀው ነበር። መልሰው ከተቱት። ስልኩ ጥቂት ተንዘፈዘፈና ተስፋ ቆረጠ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። አሁን ቢወጡና ፈጠን ቢሉ ይደርሳሉ። በካልሲ ቢሆን እንኳ ይደርሳሉ፤ ግን ልጅቷ አለች።

እሜቴ ሁለቱን ጫማ ወልውላ ጨርሳለች። የቀራት ማሰሪያ ነው። አንዱን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን ማሰሪያ አነሳች።

ቤት ውስጥ እሜቴ ማሰሪያ ነክታ አታውቅም፤ እግሯን ነው የምታነሳው። ጋሽ ጸጥታ ይህንን ያውቃሉና እንባው መቼ እንደሚመጣ በዓይናቸው ጠበቁ። ልጅቷ የማሰሪያውን ጫፍ በምራቋ አርሳ አሾለችው፤ ማን እንዳስተማራት አያውቁም። ከታች ጀምራ በአንዱ ቀዳዳ አስገባች፣ በአንዱ አወጣች፣ አጥላልፋ ሳበች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ በቀኝ በኩል ያለውን ዘለለችው።

ጋሽ ጸጥታ አዩት። ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር፣ ያለ መነጽራቸው፣ ቁልጭ አድርገው አዩት። የተማሪ ስሕተት ከሩቅ ማየት የለመደ ዓይን ነው። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ማሰሪያ ማሰር ጀመሩ። ልጅቷ በስሕተቱ ላይ እየቀጠለች ወደ ላይ ወጣች። ከዚህ በላይ አልቻሉም፤ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ደንብ አለ፣ እንዳይነሱ ስብርባሪ አለ። እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ፣ አንድ ጣት ቀስረው።

መምህርቷ መጣች።

"ሁለተኛውን ቀዳዳ ዘላዋለች" አሉ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ አይቻለሁ።"

"አይተሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"ላይ ስትደርስ በአንድ በኩል ቀዳዳ ይተርፋታል፣ አባባ። እሱ ይነግራታል።"

"ቀዳዳው?"

"ቀዳዳው።"

ጋሽ ጸጥታ የሰሙትን ለማላመጥ ሞከሩ። ከዚያ ሰዓቱን አዩና ሌላውን ነገር አስታወሱ። "ልጄ" አሉ፣ "ጉዳዬን ልጨርስ ነው የመጣሁት ስልሽ ልጅቷን ልወስድ ማለቴ ነው። ለሁልጊዜ። ማዶ ትምህርት ቤት ቦታ ተይዞላታል። እስከ ስድስት ሰዓት ነው።"

መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ነው" አለች። "የዛሬ ተረኛ ነበሩ። ይቅርታ አባባ፣ ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረብኝ።" ሰዓቱን አየች። "ጫማውን ሄጄ ልቀበላት እችላለሁ። ልጅቷ የእርስዎ ናት፤ ደንቡ የእኛ ነው። ይበሉኝና አመጣዋለሁ።"

ተነሳች። በእርግጥም ልታመጣው ነበር።

እሜቴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። በቀኝ በኩል ቀዳዳው አልቋል፤ በግራ በኩል አንድ ባዶ ተርፏል። ባዶውን ቀዳዳ በጣቷ ነካችው። ጫማውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ማንም አልነገራትም፣ ማንንም አልጠየቀችም፣ ወደ ማንም አልዞረችም። በጣቷ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረች ወረደችና ከታች ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። "አሃ" አለች ለራሷ። ከዚያ ማሰሪያውን በሙሉ ስባ አወጣችው፤ ጫፉን እንደገና በምራቋ አርሳ ከታች ጀመረች። እንባ አልነበረም።

ጋሽ ጸጥታ ፊደልን ሳይተነፍሱ የሚሉ ልጆች ብዙ አይተዋል። ቀይ እስክሪብቶ ሳይነካው ስሕተቱን ራሱ ያገኘ ልጅ ግን፣ አንድ ሁለት ብለው ለመቁጠር ቢሞክሩ፣ ቶሎ የሚመጣላቸው አልነበረም። ያገኘውን ስሕተት ሳይደብቅ ከሥሩ ያፈረሰ ደግሞ ጭራሽ ትዝ አላላቸውም። ትልልቅ ሰዎችንም ጨምረው አሰቡ።

"ቆይ" አሉ።

መምህርቷ ቆመች።

"ትጨርስ።"

"አባባ፣ ሰዓቱ…"

"አያለሁ ሰዓቱን። ሥራ ላይ ናት።"

መምህርቷ ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ማየት ቀጠሉ። ስልኩ አንዴ ደግሞ ተንቀጠቀጠና አቆመ። የሰዓቱ ሁለት ጣቶች ከላይ ተገናኝተው ተላለፉ፤ ከመንገዱ ማዶ ሕጻናት በአንድ ድምፅ የሚሉት ነገር በመስኮቱ ገብቶ ወጣ። ኢንጂነሩ ምስማሩን ጨርሶ ሌላ ጀመረ። እሜቴ ሁለተኛውን ጫማ ያዘች። በዚህኛው ቀዳዳ አልዘለለችም፤ ግን ማሰሪያው አንዱ ጫፍ ረዝሞ አንዱ አጠረባትና እሱንም አፍርሳ እንደገና ሠራችው። ጋሽ ጸጥታ እግራቸው ደንዝዞ የማን እንደሆነ ጠፍቷቸዋል።

በመጨረሻ ብሩሹን፣ ጨርቁንና ቆርቆሮውን ትሪው ላይ መለሰች፣ ጋዜጣውን አጠፈች፣ ምንጣፉን ጠቅልላ ቦታው አቆመች፣ እጇን ታጠበች። እስከዚያ ድረስ ጫማው ብቻውን ወለል ላይ ጠበቀ። ከዚያ አንስታ አመጣችውና አያቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ጨረስኩ።"

"ጠቆረ" አሉ ጋሽ ጸጥታ።

"አዎ፣ አጠቆርኩት" አለች እሜቴ። ቆማ ታያቸው ጀመር። "ትችላለህ ወይስ ላግዝህ?"

"እችላለሁ።"

አልቻሉም። ልጅቷ ማሰሪያውን ያላትን ጉልበት ሁሉ አጠራቅማ ስለሳበችው አፉ ተዘግቷል፤ እግራቸው እስከ ጣታቸው ገባና ቆመ። ገፉት፣ አዟዟሩት፣ ተረከዙን በጣታቸው ለመሳብ ሞከሩ። እሜቴ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትጠብቃለች፤ ካልጠየቁ አትነካም።

"በይ አግዢኝ" አሉ።

ተቀመጠችና ከላይ ጀምራ አላላችው። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ማንም አላጣደፋትም።

ውጭ ሲወጡ መንገዱ ዳር ቆመው ለቀድሞ ምክትላቸው ደወሉ።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሁለቴ ደወልኩ እኮ" አለ። "ስድስት ሰዓት አልፎም ትንሽ ጠበቅኩዎ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ልጁን ይዞ ቆሞ ሲያየኝ ምን ላድርግ?"

"ሰጠኸው?"

"ሰጠሁት።"

"ደግ አደረግህ። ደንብ ነው።"

"ምን አጋጠመዎት ግን? ማርፈድ የእርስዎ አይደለም።"

ጋሽ ጸጥታ እሜቴን አዩአት። መንገዱ ዳር ባለች አጭር ግንብ ላይ ወጥታ እየሄደች ነው፤ እጃቸውን አልያዘችም። "ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች" አሉና ስልኩን ዘጉ።

ማታ ልጃቸው ወደ ሥራ ልትወጣ ነጭ ጋዎኗን ስታጣጥፍ ጠየቀቻቸው።

"አባዬ፣ ቦታው እንዴት ሆነ?"

"ለሌላ ልጅ ተሰጠ።"

"አረፈድክ?"

"አላረፈድኩም። ቀድሜ ነው የደረስኩት።"

"ታዲያ?"

"ጫማዬን እየጠረገች ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅኩ።"

ልጃቸው ጋዎኑን አስቀምጣ መጣችና የእጇን ጀርባ ግንባራቸው ላይ አደረገች። ትኩሳት አልነበራቸውም። ዝቅ ብላ ጫማቸውን አየች፣ ቀና ብላ እሳቸውን አየች።

"ይሄ ጫማ ቡኒ አልነበረም?"

"ነበር።"

"ጋሽ ጸጥታ፣ እኔ እኮ ይሄን ነገር የተውኩት ለአንተ ነው።" ድምፅዋ ቁጣ ይሁን ሳቅ አልለየለትም።

"አውቃለሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጅቷ ዘገምተኛ አይደለችም" አሉ።

ልጃቸው ቀጥ ብላ ቆመች። "ማነው ዘገምተኛ ያላት?"

"ማንም አላለም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

"ከየትም" አሉ ጋሽ ጸጥታ። "እንድታውቂው ነው።"

ልጃቸው ጋዎኑን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ መጥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸውና ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጸጥታ እሜቴን ወደዚያው መዋለ ሕጻናት ወሰዷት።